ይህ ዛፍ ለምን እዚህ በቀለ? በነባር ደን ውስጥ የዛፍና የቁጥቋጦ አሰፋፈር ማጥኛ መመሪያ

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በመኪና የሄደ ሰው ይህን መንገድ ያውቀዋል። ሜዳው ገላጣ ነው። የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ካብ፣ እዚህም እዚያም ባህር ዛፍ። ከዚያ ጣርማ በር ላይ መሬቱ ድንገት ያልቃል። ከእግር ሥር ገደል ነው። ከገደሉ ግርጌ ወደ አፋር የሚዘረጋው ቆላ በጉም መሀል ብቅ ጥልቅ ይላል። ከዚህ በስተደቡብ፣ ወደ አንኮበር አቅጣጫ፣ በዚሁ ገደል ወገብ ላይ ወፍ ዋሻ ደን አለ። የታችኛው ጫፉ 1700 ሜትር ግድም ነው። የላይኛው 3700 ሜትር ይጠጋል።

ከታች ተነስታችሁ ወደ ላይ ብትወጡ ዛፉ እየተለወጠ ይሄዳል። ታች ብሳና፣ ወይራ፣ ክትክታና አጋም ይበዛል። መሀል ላይ ዝግባ፣ ጥድና ጥቁር እንጨት ይመጣል። ቀጥሎ ኮሶ። ኮሶው ሲሳሳ አስታ። ከአስታው በላይ ሣርና ጅብራ። እንዲህ ማን ደረደራቸው?

የዚህን መልስ በሜትር፣ በስልክና በደብተር ራሳችሁ እንድታገኙት ነው ይህን መመሪያ የጻፍኩት። የመመረቂያ ጽሑፍ የምትሠሩ ተማሪዎች ትጠቀሙበታላችሁ። ደን የምትወዱና የምታዩትን በደንብ ለማየት የምትፈልጉም እንዲሁ። ምሳሌዬ ወፍ ዋሻ ነው። አሠራሩ ግን በመናገሻ ሱባም፣ በጣራ ገዳምም፣ በባሌው ሐረናም ያው ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። "ይህ ዛፍ ደጋ ይወዳል፣ ያኛው ቆላ ይስማማዋል" ሲባል ሰምተን አድገናል። እውነት ነው። ግን እኛ አገር የተረፈው ደን በብዛት የተረፈው ገደል ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያና መንገድ ያልደረሰበት ቦታ ነው። ስለዚህ አንድ ዛፍ ገደል ላይ ብቻ ስላገኛችሁት ገደል ይወዳል ማለት አይደለም። ሜዳው ላይ የነበሩት ተቆርጠው ይሆናል። ይህን ልዩነት ሳያጣራ የሚቀር ጥናት ብርዱንና አፈሩን የማያውቁትን ነገር ያሸክማቸዋል። ከታች ያለው ሥራ ሁሉ የሚዞረው በዚህ ጉዳይ ዙሪያ ነው።

ደረጃ 1፦ ጥያቄያችሁን አጥብቡ

"የአካባቢ ሁኔታ በዛፎች ላይ ያለው ተጽዕኖ" ጥያቄ አይደለም፣ ርዕስ ነው። ጥያቄ እንዲህ ነው፦ ዝግባ ወደ ላይ ሲወጣ ስንት ሜትር ላይ ይጠፋል? በአንድ ከፍታ ላይ ወደ ምሥራቅ በሚያየውና ወደ ደቡብ በሚያየው ተዳፋት የሚበቅለው ዛፍ አንድ ነው? ከወንዝ ስንርቅ ምን ይቀንሳል?

አንድ ወይም ሁለት ጥያቄ ይበቃል። መነሻ ካጣችሁ ከአያቶቻችን አከፋፈል ጀምሩ። ከ500 እስከ 1500 ሜትር ቆላ፣ እስከ 2300 ወይና ደጋ፣ እስከ 3200 ደጋ፣ ከዚያ በላይ ውርጭ። ይህ አከፋፈል ዛሬም ይሠራል፤ ምክንያቱም ከፍታን ከሙቀትና ከሰብል ጋር አብሮ ያየ ነው። ድንበሩ ግን በየተራራው ከፍና ዝቅ ይላል። የእናንተ ተራራ ላይ የት እንደሚያርፍ ማወቅ ራሱ ጥሩ ጥያቄ ነው።

ደረጃ 2፦ ፈቃድ ያዙ፣ መሪ ፈልጉ

ከወረዳው የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ያስፈልጋችኋል። የቤተ ክርስቲያን ወይም የገዳም ደን ከሆነ አስተዳዳሪውንና ሰበካ ጉባኤውን አስፈቅዱ። ዛፍ ላይ ምስማር አትምቱ፣ ቀለም አትቀቡ።

መሪ ስትመርጡ እድሜ ይመረጥ። ወጣቱ መንገዱን ያውቃል፤ ሽማግሌው ደግሞ መንገዱ ሳይኖር የነበረውን ያስታውሳል። አንድ ጊዜ ዝግባ ይጠበቅበት የነበረ ለስላሳ ተዳፋት ላይ ቆመን አንድም ዝግባ አጣን። እኔ ስለ አፈሩ ማሰብ ጀምሬ ነበር። ከዚያ መሪያችንን ጠየቅኳቸው።

"አባባ፣ እዚህ ዝግባ ነበር?"

"ነበር እንጂ ልጄ! መጋዝ ሳይመጣ ሰማይ አያሳይም ነበር።"

ያን ቀን የሰበሰብኩት አፈር ይህን ሊነግረኝ አይችልም ነበር። ከዚያ ወዲህ ደብተሬ ውስጥ ለእያንዳንዱ ቦታ "ሽማግሌ ምን አለ?" የሚል መስመር አለኝ። እናንተም ጨምሩ።

ደረጃ 3፦ ዕቃ

ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። 50 ሜትር የሚዘረጋ ሜትር፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ኮምፓስና የተዳፋት ማዕዘን የሚለካ መተግበሪያ ያለው ስልክ፣ ትንሽ መቆፈሪያ፣ የላስቲክ ከረጢት፣ አሮጌ ጋዜጣና ሁለት ካርቶን። እስክሪብቶ ሳይሆን እርሳስ ያዙ። በጉም ውስጥ ወረቀት ይረጥባል፣ የእስክሪብቶ ቀለም ይፈሳል።

የስልክ ጂፒኤስ ከፍታን ሲለካ ይሳሳታል። ጥቅጥቅ ባለ ዛፍ ሥር ስህተቱ ይብሳል። ገላጣ ቦታ ፈልጉና ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ አንብቡ። የአየር ግፊት መለኪያ ያለው ስልክ ካላችሁ ጠዋት ከፍታው በሚታወቅ ቦታ ላይ አስተካክሉት።

ጊዜው ጥቅምትና ኅዳር ቢሆን ጥሩ ነው። ዝናቡ አልፏል፣ ቅጠሉ ሙሉ ነው፣ ብዙ ቁጥቋጦ አበባ ላይ ይሆናል።

ደረጃ 4፦ መስመር አስምሩ፣ ካሬ ከልሉ

ደን ውስጥ ደስ ወዳለን ቦታ ከሄድን ትልልቅ ዛፍ ያለበትን ብቻ ነው የምንለካው። ሰው ነንና ዓይናችን ወደ ግዙፉ ይሳባል። ስለዚህ ቦታውን አስቀድማችሁ ካርታ ላይ ወስኑ። ከደኑ ግርጌ እስከ አናቱ አንድ መስመር አስምሩ። በየ100 ሜትር ከፍታው 20 ሜትር በ20 ሜትር የሆነ ካሬ ከልሉ። ወፍ ዋሻን ከ1700 እስከ 3700 ከወጣችሁት 21 ካሬ ይሆናል። ሁለት ሰው ከአንድ መሪ ጋር በቀን ሦስት ወይም አራት ካሬ ይጨርሳል። ለመመረቂያ ጽሑፍ ቢያንስ ሦስት መስመር ያስፈልጋችኋል፤ አንድ መስመር ብቻውን በአጋጣሚ ሊያታልል ይችላል።

ካሬው ገደል አፋፍ ላይ ቢወድቅ ምን ይደረጋል? ነፍስ ይቀድማል። ወደ ጎን 50 ሜትር ሂዱና ምክንያቱን ጻፉ። ሜዳና መንገድ ላይ ቢወድቅ ግን አትሽሹ። ባዶውም መረጃ ነው። "ዛፍ የለም" ብሎ የተመዘገበ ካሬ ከሌላችሁ ዛፍ የት እንደሚቀር ማወቅ አትችሉም።

ብዙ ሰው የሚስተው ስሌት ይኸውና። 20 ሜትር የምንለው አግድም ርቀት ነው። ተዳፋት ላይ ሜትሩን መሬት ለመሬት ከዘረጋችሁ ካሬያችሁ በእውነቱ ያንሳል። ቁልቁለቱ 20 ዲግሪ ከሆነ መሬት ላይ 21.3 ሜትር ዘርጉ። 30 ዲግሪ ከሆነ 23.1 ሜትር። 40 ዲግሪ ከሆነ 26.1 ሜትር። ይህን ካላደረጋችሁ ቀጥ ባለ ገደል ላይ ያለው ደን ሁልጊዜ የሳሳ መስሎ ይታያችኋል። ከዚያም "ቁልቁለት ዛፍ ይቀንሳል" ብላችሁ ትደመድማላችሁ፤ የቀነሰው ግን ካሬያችሁ ነው።

በካሬው አራት ማዕዘንና መሀል ላይ ደግሞ 2 ሜትር በ2 ሜትር የሆኑ አምስት ትንንሽ ካሬዎች አውጡ። እነዚህ ለችግኝ ናቸው።

ደረጃ 5፦ ዛፉን ለኩ፣ ስሙን አረጋግጡ

ውፍረቱ 2.5 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነውን ሁሉ ለኩ። የሚለካው ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ ነው። ተዳፋት ላይ ከሆናችሁ ከዛፉ የላይኛው ወገን ቆማችሁ ለኩ። በልብስ ሰፊ ሜትር ዙሪያውን ከለካችሁ በኋላ ለ3.14 ስታካፍሉት ውፍረቱን ታገኛላችሁ። ዙሪያው 157 ከሆነ ውፍረቱ 50 ሳንቲ ሜትር ነው። ከ1.3 ሜትር በታች የተከፈለ ዛፍ ከሆነ እያንዳንዱን ግንድ ለዩና ለኩ፤ ግን አንድ ዛፍ ብላችሁ ቁጠሩት። ወፍራም ሐረጎችንም አትዝለሉ። እነሱም እንጨት ናቸው።

ስም ላይ ተጠንቀቁ። ጥድ ሲባል የሐበሻ ጥድ ነው ወይስ የፈረንጅ ጥድ? በብዙ ደን ዳር የፈረንጁ ተተክሏል፤ ከሩቅ ይመሳሰላሉ። ግራር የሚለው ስም ደግሞ ብዙ ዓይነት ዛፍ ይሸፍናል። ስሙም በየቋንቋው ይለያያል፤ ኮሶን ባሌ ላይ ሄቶ ይሉታል። ስለዚህ የማታውቁትን ሁሉ ከነቅጠሉ፣ ቢቻል ከነአበባው ወይም ከነፍሬው ቁረጡ። በጋዜጣ መሀል አድርጉት፣ በካርቶን ተጭናችሁ እሰሩት። የካሬውን ቁጥር፣ ከፍታውን፣ የአካባቢውን ስምና ቀኑን ጻፉበት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ የዕፅዋት ማዕከል፣ ሄርባሪየም የሚባለው፣ የተረጋገጡ ናሙናዎች አሉት። የእናንተን ከዚያ ጋር ማስተያየት ይቻላል።

ኮሶ፣ ጥድና ዝግባ ላይ ስትደርሱ አንድ ነገር ጨምሩ፦ ወንድ ነው ሴት? የእነዚህ ዛፎች ወንዱና ሴቱ በአብዛኛው ለየብቻ ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ደን ትንሽ ከሆነና የቀሩት አምስት ዝግባዎች ሁሉም ወንድ ከሆኑ ዘር አይኖርም። ችግኝ ሲጠፋ አፈሩን ከመውቀሳችሁ በፊት ይህን እዩ።

ደረጃ 6፦ አካባቢውን መዝግቡ

ሰፊው ሥራ ይህ ነው። አትቸኩሉ።

ከፍታ። ወደ ላይ በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ በ0.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ግድም ይቀንሳል። ከ1700 እስከ 3700 ሜትር 12 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ ማለት ነው። ከታች ሸሚዝ፣ ከላይ ጋቢ። ግን ዛፍን የሚገድለው አማካዩ አይደለም፤ የሌሊቱ ውርጭ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት እንደ ውሃ ወደ ታች ይፈስሳል፣ ጎድጓዳ ቦታ ላይም ይተኛል። በዚህ ምክንያት ደጋ ላይ ያለ ጎድጓዳ ሜዳ ከዙሪያው ተዳፋት በላይ ሊበርድ ይችላል። ተዳፋቱ ላይ ኮሶ ቆሞ፣ ዝቅ ያለው መሀል ላይ ሣር ብቻ ካያችሁ የከፍታውን ቁጥር ብቻ አትመኑ። ጎህ ሲቀድ ሂዱና ውርጩ የት እንደነጣ እዩ። ሣር ብቻ የሆነው መሬቱ ረግረግ ስለሆነም ሊሆን ይችላል። ቆፍሩና አረጋግጡ።

ፊቱ ወዴት ነው? ቁልቁል ወደምትወርዱበት አቅጣጫ ተመልከቱና ኮምፓሱን አንብቡ። ወደ ሰሜን ርቀው የሚገኙ አገሮች የጻፉት መጽሐፍ ሁሉ "ደቡብ ፊት ሞቃት፣ ሰሜን ፊት ቀዝቃዛ" ይላል። እኛ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። ወፍ ዋሻ 10 ዲግሪ ሰሜን አይሞላም። ሰኔ ላይ ፀሐይ ከእኛ በስተሰሜን ታልፋለች፤ ያኔ ግን ክረምት ገብቶ ሰማዩ በደመና ይሸፈናል። ታኅሣሥ ላይ በስተደቡብ ታልፋለች፤ ያኔ በጋ ነው፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። ስለዚህ ደቡብ የሚያየው ተዳፋት ጠንካራውን ፀሐይ የሚቀበለው ዝናብ በሌለበት ወር ነው። ቶሎ የሚደርቀው ለዚህ ነው። ይህን በደብተር ላይ ያለ ምክንያት ጽፎ ከማለፍ ይልቅ በጋ ላይ ሄዶ አፈሩን በእጅ መጭመቅ የበለጠ ያስተምራል።

ጉምና ነፋስ። ወፍ ዋሻ ፊቱን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ቆላው ሰጥቷል። ከታች የሚወጣው እርጥብ አየር ገደሉን ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ጉምም ይሆናል። በልግም በዚህ በኩል ጥሩ ይዘንባል። ጉም የሚበዛበትን ከፍታ ለማወቅ የአየር ጣቢያ አያስፈልግም። ዛፎቹን እዩ። ከቅርንጫፍ ላይ እንደ ሽማግሌ ጺም የሚንጠለጠል ግራጫ ነገር ካለ፣ ግንዱም አረንጓዴ ምንጣፍ ከለበሰ፣ ዛፉ ከዝናብ ሌላ ከጉም ውሃ እያገኘ ነው። በእያንዳንዱ ካሬ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ስጡት።

የውሃ ነገር ምን ያህል እንደሚገዝፍ ማየት ከፈለጋችሁ ባሌ ሂዱ። አንድ ተራራ ነው። አናቱ ቱሉ ዲምቱ 4377 ሜትር ነው። በሰሜኑ ወገን፣ በዲንሾና በአዳባ ዶዶላ በኩል፣ ደረቅ ያለ የጥድና የኮሶ ደን ታያላችሁ። ከሳነቲ አምባ ተሻግራችሁ ወደ ደቡብ ስትወርዱ ሐረና ይቀበላችኋል። ጥቅጥቅ ያለ፣ እርጥብ፣ ግርጌው ላይ የጫካ ቡና የሚበቅልበት ደን። ተራራው አንድ ሆኖ ሳለ ደኑን ሁለት ያደረገው እርጥብ ነፋሱ የሚመጣበት አቅጣጫ ነው። "2500 ሜትር ላይ ይህ ዛፍ ይበቅላል" የሚል ዓረፍተ ነገር ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው።

አፈር። ከአራቱ ማዕዘንና ከመሀል ቅጠሉን ገፍታችሁ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ቆፍሩ። አምስቱን ቀላቅላችሁ አንድ ኪሎ ያህል ለላቦራቶሪ ያዙ። እዚያው ግን ሦስት ነገር ጻፉ። አንደኛ፣ መቆፈሪያው ድንጋይ ከመንካቱ በፊት ስንት ሳንቲ ሜትር ገባ? ሁለተኛ፣ አፈሩን አርጥባችሁ በጣታችሁ ስትድጡት ረጅም ጥብጣብ ከሆነ ሸክላ ይበዛዋል፤ ከተፈረፈረ አሸዋ ይበዛዋል። ሦስተኛ፣ ከላይ የተኛው የረገፈ ቅጠል ስንት ሳንቲ ሜትር ነው? ከሁሉ በላይ የምከታተለው ጥልቀቱን ነው። ውሃ የሚጠራቀመው እዚያ ነውና። ጥድና ወይራ ስስና ድንጋያማ መሬት ላይ ሲጸኑ፣ ዝግባ ጥልቀትና እርጥበት ባለበት ሸለቆ ዳር ግዙፍ ይሆናል።

የተዳፋቱን ዲግሪ፣ ከወንዝ ያለውን ርቀትና የዛፉ ጥላ ሰማዩን ምን ያህል እንደሸፈነው ጨምሩና እለፉ።

ደረጃ 7፦ የሰውን እጅ ለኩ

ይህን ደረጃ የሚዘል ጥናት ብዙ ነው። እኔን የሚያሳዝነኝም ይህ ነው።

ጉቶ ቁጠሩ። ውፍረቱንም ለኩ። ሲቻል የምን ዛፍ እንደነበረ መሪያችሁን ጠይቁ። የከብት ፋንድያና በጠጥ፣ የተመለጠ ልጥ፣ የከሰል ጉድጓድ፣ የእግር መንገድ ይመዝገብ። ከመንደርና ከመኪና መንገድ ያለውን ርቀት ጻፉ። ከዚያ ካሬውን ከ0 እስከ 3 መድቡት፤ 0 ያልተነካ፣ 3 ክፉኛ የተጎዳ።

እሳትም ዱካ አለው። አስታ ሲቃጠል አይሞትም። ሥሩ ላይ ያለው ያበጠ ጉንድ ከመሬት ሥር ተርፎ እንደገና ያቆጠቁጣል። ከአንድ ጉንድ አሥር ቀጫጭን ግንድ የወጣበት አስታ ካያችሁ፣ ቆፈር አድርጉና የጠቆረ እንጨት ፈልጉ። እረኞች ለጋ ሣር እንዲወጣ ሲሉ አስታውን የሚያቃጥሉበት ተራራ አለ። እንዲህ ባለ ቦታ የደኑ የላይኛው ጠርዝ ብርዱ ከሚፈቅደው በታች ወርዷል። ካርታ ላይ ግን የብርድ ድንበር ይመስላል።

የሰው እጅ ይጨምራልም። መናገሻ ሱባን ውሰዱ። በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የጥድ ደን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 ባለው ጊዜ፣ ከወፍ ዋሻ በመጣ ዘር እንደተዘራ ይተረካል። ዛሬ እዚያ ቆመን ስለ ጥድና ስለ አፈር ስናወራ ንጉሡም የነገሩ አካል ናቸው።

ደረጃ 8፦ ችግኞቹን አዳምጡ

ትልቁ ዛፍ የሚነግራችሁ ችግኝ በነበረበት ዘመን የነበረውን ሁኔታ ነው። 300 ዓመት የኖረ ጥድ ስለ ዘንድሮው በልግ ምስክር አይሆንም። የዛሬውን የሚነግራችሁ ችግኙ ነው። ስለዚህ በትንንሾቹ ካሬዎች ውስጥ ተንበርክካችሁ አንድ በአንድ ቁጠሩ።

ጥድና ኮሶ ብርሃን ይፈልጋሉ። ከላይ በተዘጋ ደን ሥር ችግኛቸውን ብታጡ አትደንግጡ። ዛፍ የወደቀበት ክፍት ቦታ፣ የቆየ የእሳት ጠባሳ፣ የመንገድ ዳር ፈልጉ። ዝግባ ግን ጥላ ይችላል፤ እናቱ ሥር ቀስ ብሎ ያድጋል። ጥቁር እንጨት ጥላ ሥር ይበቅላል፤ ለማደግ ግን ክፍተት መጠበቅ አለበት። የወይራ ዘርን ወፎች ይዘራሉ፤ የተረፈውን ችግኝ ብዙ ጊዜ የማገኘው አጋም መሀል ነው። እሾሁ ፍየል አያስቀርብም። የወይራ ችግኝ አጋም ሥር ብቻ ካለ የአጋም ጥላ ተስማምቶት ብቻ አይምሰላችሁ። ፍየል የማይገባበት የታጠረ ቦታ ፈልጉና አወዳድሩ።

ደረጃ 9፦ ሰንጠረዡን ሥሩ

ኮምፒውተር ከመክፈታችሁ በፊት ትልቅ ወረቀት አንጥፉ። ወደ ታች ከፍታውን፣ ወደ ጎን የዛፎቹን ስም ጻፉ። ዛፉ ባለበት ካሬ ላይ ቁጥሩን አስቀምጡ። ከዚያ የዛፎቹን ቅደም ተከተል እየቀያየራችሁ፣ ታች የሚጀምሩትን ወደ ግራ፣ ላይ የሚጀምሩትን ወደ ቀኝ አድርጉ። ከጥቂት ሙከራ በኋላ ተራራው ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ይህችን ሰዓት እወዳታለሁ። ሳምንት ሙሉ የተንገላታችሁበት ነገር በአንድ ገጽ ላይ ቅርጽ ይይዛል።

ቁጥር ብቻ ያታልላል። አንድ 50 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ዝግባና ሁለት 25 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ክትክታዎች እኩል አይደሉም። የግንዱን ስፋት አስሉ፦ ውፍረቱን ወደ ሜትር ቀይሩና በራሱ አባዙ፣ ከዚያ በ0.785 አባዙ። ዝግባው 0.196 ካሬ ሜትር ይሆናል። ሁለቱ ክትክታዎች ተደምረው 0.098፤ ግማሹ። ለእያንዳንዱ ዝርያ ከጠቅላላው ስንት በመቶ ዛፍ እንደሆነ፣ የተገኘባቸው ካሬዎች ቁጥር ከሁሉም ዝርያ የካሬ ቁጥር ድምር ስንት በመቶ እንደሆነና የግንዱ ስፋት ከጠቅላላው ስንት በመቶ እንደሆነ አስሉና ሦስቱን ደምሩ። የሁሉም ዝርያ ድምር 300 መምጣት አለበት። ካልመጣ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል።

ለዋና ዋናዎቹ ዛፎች የውፍረት ሥዕል ሥሩ፤ ከቀጭን እስከ ወፍራም በየመደቡ ስንት ዛፍ እንዳለ የሚያሳይ። ቀጭኑ ብዙ ሆኖ ወፍራሙ እያነሰ ከሄደ ዝርያው ራሱን እየተካ ነው። ወፍራም ብቻ ካለ ወጣቱ የት ሄደ በሉ። መሀሉ ባዶ ከሆነ ደግሞ ለግድግዳና ለአጥር የሚሆነው ልክ እሱ እንደሆነ አስታውሱ።

ብዙ ካሬ ካላችሁ አር (R) የተባለውን ነፃ የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ተጠቀሙ። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ቪጋን (vegan) የሚባል ጥቅል አለው። ዛፎቹንና የአካባቢ መለኪያዎቹን በአንድ ሥዕል ላይ ያወጣላችኋል። ግን ወረቀቱ ላይ ያላያችሁትን ነገር ፕሮግራሙ ቢነግራችሁ ተመለሱና ደብተሩን እዩ።

ደረጃ 10፦ ሁለት ሁለቱን አወዳድሩ

ከፍታ ሲጨምር ሙቀቱ፣ ዝናቡ፣ አፈሩና ከመንደር ያለው ርቀት አብረው ይለወጣሉ። ሁሉም ስለተያያዙ "ወሳኙ ከፍታ ነው" ማለት ምንም አለማለት ነው። ስለዚህ ጥንድ ፈልጉ። በአንድ ከፍታ ላይ ያሉ፣ የጉዳት ነጥባቸው እኩል የሆነ፣ ፊታቸው ብቻ የተለያየ ሁለት ካሬዎች። ከዚያ በአንድ ከፍታና በአንድ ፊት ላይ ያሉ፣ የአፈራቸው ጥልቀት ብቻ የሚለያይ። በመጨረሻም ሁሉም ነገራቸው ተመሳስሎ አንዱ መንገድ ዳር፣ ሌላው ከመንገድ ርቆ ያለ። ሦስተኛው ጥንድ ላይ ትልቅ ልዩነት ካያችሁ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ያገኛችሁትን ሁሉ እንደገና መርምሩ።

ውጤታችሁን ስትጽፉ የጉዳት ነጥባቸው 0 እና 1 የሆኑትን ካሬዎች ለብቻ አውጥታችሁ አንድ ጊዜ አስሉ። ከዚያ ሁሉንም አንድ ላይ። ሁለቱ ውጤት ከተለያየ ልዩነቱን አትደብቁ። ሁለቱንም አሳዩ።

የካሬዎቹን የጂፒኤስ ቁጥር በወረቀትም አስቀምጡ። ስልክ ይሰበራል። ከአምስት ዓመት በኋላ ወደዚያው ካሬ የሚመለስ ሰው፣ እናንተም ሁኑ ሌላ፣ የትኛው ችግኝ እንዳለፈና የትኛው እንደቀረ ያያል። አንድ ቅጂ ደግሞ በአማርኛ ስም ብቻ አዘጋጁና ለመሪያችሁ ይዛችሁ ሂዱ። አባባ ሲያነቡት ያመለጣችሁን ዛፍ ይነግሯችኋል።